ቪዲዮ ቤት የከረመው መርዶ

ፊልም ወዳዶች አትቀየሙኝና፣ የባሕር ወንበዴ ፊልም በተከፈተበት ቤት መቀመጥ አልችልም። የእህቴ ልጆች ቴሌቪዥን ከፍተው ሸራዋን የወጠረች መርከብ ብቅ ስትል ተነስቼ ወደ ጓዳ እገባለሁ። «አክስቴ ምን ሆንሽ?» ሲሉኝ ጩኸቱ ራሴን እንደሚያመኝ እነግራቸው ነበር። አሁን አድገዋል፤ ነገሩ የጩኸት እንዳልሆነ ገብቷቸዋል፤ ግን አይጠይቁኝም። ለማያውቁኝ ሰዎች መናገሩ ሳይቀለኝ አይቀርም ብዬ ነው ለእናንተ የምጽፈው። ረዘም ይላል፤ ታገሡኝ።

ጊዜው ሰማንያዎቹ ሊያልቁ ግድም ነው። ጦርነት ይመጣል ብሎ ያሰበ አልነበረም፤ የአሰብ ወደብ በመርከብ፣ መንገዱ በከባድ መኪና ተጨናንቆ ይውል ነበር። እኔ ከናዝሬት ሄጄ እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። ባለቤቴ መስፍን የኮምቦልቻ ልጅ ነው፤ ነዳጅ ማጣሪያው ውስጥ ፓምፕ ይጠግናል። ልጅ አልወለድንም። እኔ ቁጡ ነኝ፤ ያኔም ቁጡ ነበርኩ፤ ተማሪዎቼ ከኋላዬ «በርበሬ» እንደሚሉኝ አውቃለሁ። መስፍን ደግሞ የሚስቅ ሰው ነው። የአሰብ ሙቀት ሰውን ከአልጋው ጋር በሚያጣብቅበት ቀን እንኳ ላቡን እየጠረገ የሚስቅበት ነገር አያጣም። እኔን እንዴት እንደቻለኝ ሰው ሁሉ ይገርመው ነበር፤ እኔንም ይገርመኝ ነበር።

አሰብ ሰጊር የሚባለው ሰፈር ውስጥ የሐጂ ኑሩ ቪዲዮ ቤት ነበር። ሐጂ ኑሩ ከደሴ ወርደው ጨርቅና ሳሙና ሲነግዱ የኖሩ ሰው ናቸው። የሱቃቸውን ጀርባ በቆርቆሮ አጥረው፣ አግዳሚ ወንበር ደርድረው፣ ቬንቲሌተር ሰቅለው ቪዲዮ ቤት አደረጉት። ከማጣሪያው፣ ከወደቡና ከጨው ማምረቻው የሚወጣው ወንድ ሁሉ እዚያ ይሰበሰባል። ከሴት እኔ ብቻ ነኝ። የምገባውም ለፊልም ፍቅር አልነበረም። መስፍን እጄን ይዞ ይወስደኛል፣ እንግሊዝኛም እችላለሁ። አክተሩ አፉን በከፈተ ቁጥር ከኋላ «ቲቸር፣ ምን አለ?» ይሉኛል፤ እኔም እነግራቸዋለሁ። በዚያ ቤት ስሜ ቲቸር ነው፤ ሐጂም አንድ ቀን አስከፍለውኝ አያውቁም።

ከፊልሞቹ ሁሉ ያ ቤት ያበደለት አንድ ነበር። እውነተኛ ስሙን የሚጠራ የለም፤ «ባለ ቀይ ሻሹ» ነው የሚባለው፤ አክተሩ የባሕር ወንበዴ ነው፣ አንገቱ ላይ ቀይ ሻሽ ያስራል። የአንድ ደሴት ገዥ ከድሆች የዘረፈውን ወርቅ መልሶ ይዘርፈዋል፤ የገዥውን ልጅ ይወዳል፤ ይያዛል። ሰይፉን ነጥቀው፣ እግሩን በሰንሰለት ጠፍረው ከመርከብ ወደ ባሕር ይወረውሩታል። አረፋ ይወጣል፤ አረፋውም ያልቃል። ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ልጅቷን ለሌላ ሊድሯት መርከብ ላይ ድግስ ተደግሶ ሳለ፣ ባለ ቀይ ሻሹ ከምሰሶው ጫፍ በገመድ ተንጠልጥሎ ይወርዳል። ሻሹ ደርቋል። ሰይፉ እጁ ላይ ነው። ቤቱ በፉጨት ይናጋል።

እንዴት ወጣ? ፊልሙ አያሳይም፣ አይናገርም። ሰዉ ግን ፊልሙን ደጋግሞ ባየ ቁጥር ክርክሩ እንደ አዲስ ይነሳል።

«ችግሩ የሰንሰለቱ ብየዳ ላይ ነው» ይላል ጌታሁን፣ የማጣሪያው በያጅና የመስፍን የልብ ጓደኛ። «ቀለበቱ ጋ ስንጥቅ አለ፣ ልብ ብላችሁ እዩት። ሲታገል ይለቅለታል።»

«ሰይፉንስ ማን መለሰለት?» ይላል አንዱ ከኋላ።

«ዓሣ አጥማጅ አግኝቶት ይሆናል» ይላል መስፍን።

«ዓሣ አጥማጁ የት ታየ?»

«ቲቸር፣ መጨረሻ ላይ ለልጅቷ በጆሮዋ የሚነግራት ነገር አለ። እንዴት እንደወጣ ነው?»

«አይደለም። ናፈቅሽኝ ነው ያላት።»

«ሌላስ?»

«ሌላ አላለም። ፊልሙን የሠራው ሰው ረስቶታል፤ እናንተም እርሱት።»

ቤቱ ያጉረመርምብኛል። ጌታሁን ብድግ ይልና «አክተር አይሞትም፤ አለቀ!» ብሎ ይዘጋዋል። ይህ የቪዲዮ ቤቱ ሕግ ነው። የአክተር ጓደኛ ይሞታል፤ አክተር አይሞትም።

ይህን ሕግ የማይቀበል አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ያሲን። ያሲን ከአሰብ በታች፣ ባሕሩ ዳር ያለችው የራሔይታ አፋር ነው፤ በትንሽ የሞተር ጀልባ ዓሣ ያወጣና አሰብ አምጥቶ ይሸጣል። አንድ ቀን ክርክሩን ሰምቶ ሰምቶ «ሰውዬው ሞቷል» አለ። «በሰንሰለት የታሰረ ሰው ውሃ ውስጥ ይሞታል። በኋላ የመጣው ወንድሙ ነው።» ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። መስፍን ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሁለቱ የማይለያዩ ጓደኛሞች ሆኑ።

ያሲን ቤታችን ሲመጣ በረንዳ ላይ ቁጭ ብለው ዳጉ ይለዋወጣሉ። አፋሮች ሲገናኙ እንደኛ እግዜር ይመስገን ተባብለው አይተላለፉም። ቁጭ ብለው በየተራ ያዩትንና የሰሙትን ይነጋገራሉ፤ ያየኸውን አየሁ፣ የሰማኸውን ሰማሁ ትላለህ እንጂ አትጨምርም፣ አትቀንስም። በዳጉ የዋሸ ሰው ከሰው አይቆጠርም። መስፍን ደግሞ ወሬ ማጣፈጥ ይወዳል። ቀልድ ሊጨምር ሲል ያሲን እጁን ያነሳበታል።

«ይህን በዓይንህ አይተሃል?»

«አላየሁም።»

«እንግዲያው ተወው።»

እኔ ከጓዳ ሆኜ እስቅ ነበር። ለመስፍን የሚሆን አስተማሪ ተገኘ እል ነበር።

ጥምቀት ያለፈ ሰሞን፣ እሑድ ጠዋት፣ መስፍን ከያሲን ጋር ዓሣ ሊያጠምድ ወጣ። ከወደቡ ፊት ለፊት ወዳሉት ደሴቶች ደርሰን እንመለሳለን አለ። ገበያው ዓሣ ሞልቶ ሳለ ምን ያስኬድሃል ብዬ ተቆጣሁ። «የገበያው ዓሣ አያውቀኝም» አለና ሳቀ። በሩን ሳይዘጋው ሄደ። ተነስቼ ዘጋሁት።

ከቀትር በኋላ የደቡቡ ነፋስ ተነሳ። በዚያ ወራት ይነሳል፤ እንግዳ ነገር አይደለም። የዚያን ቀኑ ግን የጎረቤቱን አጥር ቆርቆሮ ገንጥሎ መንገድ ላይ ሲጎትተው አየሁ። ወደ ባሕሩ ዳር ሄድኩ። ባሕሩ ነጭ በነጭ ሆኗል። ትልልቆቹ መርከቦች እንኳ መልሕቃቸው ላይ ይወዛወዛሉ። ጌታሁን ከየት እንደሰማ እንጃ፣ ሮጦ መጣ። «ደሴቱ ላይ ተጠልለው ነው። ያሲን ሞኝ አይደለም» አለኝ። እውነት መሰለኝ። ፀሐይዋ እስክትጠልቅ ቆመን ሁለታችንም አንድ ነገር ብቻ ስንጠብቅ ቆየን፤ አንዲት ጀልባ ትመጣለች ብለን።

አልመጣችም። በማግስቱ ነፋሱ ጋብ ሲል ዓሣ አጥማጆች ወጡ፤ የመስፍን የሥራ ባልደረቦችም ጀልባ ለምነው ወጡ። እኔ ከባሕሩ ዳር አልተነቃነቅሁም። የሐጂ ባለቤት እትዬ ዘይነብ ጥላ ይዘው አጠገቤ ተቀመጡ፤ ውሃ በግድ አጠጡኝ። ቀኑ እንደዚህ አለፈና በቀጣዩ ቀን ቤት ሳለሁ ሐጂ ኑሩና ጌታሁን መጡ።

«ያሲን ተገኘ» አሉ ሐጂ።

ተነሳሁ። በሩን ያዝኩ። «መስፍንስ?»

ጌታሁን ነው የመለሰልኝ። «ጀልባዋ ተገለበጠች። ውሃው ላይ ተለያዩ። እየተፈለገ ነው።»

«ያሲን የታለ? ራሱ ይንገረኝ።»

«ደክሞታል። ዘመዶቹ ራሔይታ ወሰዱት።»

«ምን አለ? ቃል በቃል ንገረኝ።»

«ተለያየን ነው ያለው። ሌላ አላለም።»

ከዚያ በኋላ ያሉትን ቀናት እንዴት አድርጌ ልንገራችሁ? በየቀኑ ከሥራ መልስ ወንዶቹ ይመጣሉ። በረንዳዬ ላይ ይደረደራሉ። እኔ ሻይ አፈላለሁ፤ እነሱ ይገምታሉ። አንዱ ባዶ ጀሪካን ጀልባዋ ላይ እንደነበረ ያስታውሳል፤ ጀሪካን የያዘ ሰው አይሰምጥም። አንዱ ማዕበሉ ወደ ሰሜን ስለሚወስድ ሰው የሌለበት ደሴት ላይ ወጥቶ ይሆናል ይላል። ሌላው ሳምቡክ፣ ያ የየመኖች የእንጨት ጀልባ፣ አንስቶት ይሆናል ይላል፤ ሳምቡኮቹ ሬዲዮ ስለሌላቸው የመን ሞካ ወደብ ደርሰው እስኪመለሱ ወሬ አይገኝም። ጌታሁን ሁሉንም ይሰማና መጨረሻ ላይ ያጠቃልላል።

«ሰምጦ ያየው የለም። ያልታየ ነገር ደግሞ አልሆነም» ይላል። «ባለ ቀይ ሻሹም ሰጠመ ተብሎ ተለቅሶለት የለም?»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ይህን ያለውን ሰው ከነስኒው አስወጣው ነበር። ያን ጊዜ ግን ሰማሁት። ሰምቼ ብቻ አልቀረሁም፤ አመንኩት። ሲሄዱ ብቻዬን ቁጭ ብዬ ያንን የማይረባ ፊልም በሐሳቤ ወደ ኋላ እመልሰዋለሁ። ሰንሰለቱን፣ አረፋውን፣ የደረቀውን ሻሽ። ልጅቷ አለቀሰች፤ ተሳስታ ነው ያለቀሰችው። እኔ አላለቅስም አልኩ። የመስፍንን ሸሚዞች አጥቤ ተኮስኩ። የሳምቡኮቹን ነገር ወደብ ሠራተኞችን እየዞርኩ ጠየቅኩ። ትምህርት ቤት ገባሁ። ተማሪዎቼ ፀጥ ብለው ሲያዩኝ አስደነገጡኝ፤ አንድም ቀን ፀጥ ብለውልኝ አያውቁም ነበር።

ጆሮ ዳባ ልበስ አልኩ እንጂ ምልክቱ ሞልቶ ነበር። ጌታሁን ጢሙን መላጨት አቁሟል። እትዬ ዘይነብ በየቀኑ ምግብ ሠርተው ይልካሉ፤ ጎረቤቶቼም በተራ በተራ ያመጣሉ። ለታመመ አንድ ቀን ይመጣለታል፤ ለስንት ቀን ነው የሚመጣው ብዬ አልጠየቅሁም። ሬዲዮናችንን ጎረቤቴ ልትዋስ መጥታ ወሰደችው፤ እሷ የራሷ ሬዲዮ አላት። ቪዲዮ ቤቱስ ብዬ ሐጂን ስጠይቃቸው «ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ልጄ፤ ሠሪ እስኪገኝ ዘግተነዋል» አሉኝ።

የነቃሁት ገበያ ውስጥ ነው። ዓሣ ተራው ጋ ያሲንን አየሁት። ከስቷል፤ ፊቱን ፀሐይና ጨው ልጦታል። «ያሲን!» አልኩ። ቀና ብሎ አየኝ። በደንብ አየኝ። ከዚያ ዞረና ከጆንያዎቹ ጀርባ ገብቶ ሄደ።

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ሌላ ሰው ቢሸሸኝ አፍሮ ነው፣ ፈርቶ ነው እል ነበር። ያሲን ግን በሰው ፊት ሲሸሽ አይቼው አላውቅም። አንድን አፋር ከሚያውቀው ሰው የሚያሸሸው ምንድን ነው? ቆሜ ሳስብ መልሱ መጣልኝ። ከተገናኘን እጠይቀዋለሁ። ከጠየቅኩት ሊዋሸኝ አይችልም። ዘንቢሌን እዚያው የሻጩ ፊት ትቼው ሄድኩ።

ወደ ራሔይታ የሚሄድ ፒክአፕ ጥዋት ላይ ነው የሚገኘው። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሳልሄድ ከፍየልና ከዱቄት ጆንያ ጋር ኋላው ላይ ተጫንኩ። መንገዱ ባሕሩን ይዞ ነው የሚሄደው። ሌላ ጊዜ ከመስፍን ጋር ሄጄበታለሁ፤ ያኔ ውሃው ውብ ነው ብዬ ነበር። ዓይኔን ወደ በረሃው አዙሬ ሄድኩ። ጸሎትም ሞከርኩ። ምን ብዬ እንደምጸልይ ጠፋኝ፤ ያለቀ ነገር ላይ ምን ተብሎ ይጸለያል?

ያሲን ከቤቱ ፊት ለፊት፣ በእንጨትና በሰሌን በተሠራች ጥላ ሥር መረብ ይጠግናል። ሲያየኝ ተነሳ። አልሸሸም። ቤቱ ነው፤ ከቤቱ ወዴት ይሸሻል? እናቱ ምንጣፍ አነጠፉልኝ፣ የፍየል ወተት ሰጡኝና ገለል አሉ። ልጮህበት ነበር የሄድኩት። መንገዱን ሙሉ የምጮኸውን ሳዘጋጅ ነው የመጣሁት። ቁጭ ስል ግን ጩኸቱ ጠፋ። መስፍን በረንዳችን ላይ ሲያደርግ እንዳየሁት አደረግኩ፤ መጀመሪያ የራሴን ተናገርኩ።

«ከአሰብ መጣሁ» አልኩት። «መንገዱ ሰላም ነው። ሐጂ ኑሩ ደኅና ናቸው። ቪዲዮ ቤቱ ተዘግቷል፤ ቴሌቪዥኑ ተበላሸ ሲሉ ሰማሁ፤ በዓይኔ አላየሁም። ጌታሁን መስፍን ከአንተ ጋር ውሃ ላይ ተለያየ አለ፤ ይህንንም ሰማሁ እንጂ አላየሁም። የኔ ይኸው ነው። አንተስ፣ ምን አየህ?»

መረቡን አስቀመጠ።

«ቲቸር፣ በወጉ እኛ እንነግራታለን ብለውኛል። ሐጂ በአላህ ለምነውኛል።»

«እኔ ነኝ የጠየቅኩህ።»

«አዎ» አለ። «አንቺ ጠየቅሽ።» ከዚያ ተናገረ። ድምፁን ከፍም ዝቅም ሳያደርግ ነው የተናገረው። «ነፋሱ መጣ። ሞተሩ ውሃ ገባበት፣ ቆመ። ጀልባዋ ተገለበጠች። ሁለታችንም ሆዷ ላይ ወጣን። መስፍን ዋና አያውቅም፤ ቀበቶውን በገመድ ከኔ ጋር አሰርኩት። መሸ። ብርድ ነበር። ብዙ አወራ፣ ከዚያ አላወራም። ሊነጋ ሲል ፊቱን አየሁት። ዓይኑ ክፍት ነው፤ አያየኝም። ጆሮዬን ደረቱ ላይ አደረግኩ፤ ምንም የለም። ጠራሁት፤ መታሁት። ሞቷል። ፀሐይ ወጣች። ብዙ ያዝኩት። ጀልባዋ ልትሰጥም ስትል ሁለታችንን አትችልም ነበር። ገመዱን ፈታሁ። ዓይኑን ዘጋሁለት፤ በሱ ሃይማኖት ምን እንደሚባል አላውቅም፤ የኛን አልኩለት። ከዚያ ሄደ። ሲሄድ አየሁት አልልሽም፤ ማየት አቃተኝ፤ ፊቴን አዞርኩ። ያየሁት ይኸው ነው።»

«ይህን ለነሐጂ ነገርካቸው?»

«ሁሉን ነገርኳቸው። ለአንቺ እንዳልኩት።»

«ሲያወራ ምን ነበር ያወራው?»

«ስላንቺ» አለ። «በሩን ሳልዘጋ ወጣሁ፣ ትቆጣኛለች አለ።»

እዚያ ምን እንዳደረግኩ አላስታውስም። እናቱ ይዘውኝ እንደነበር አስታውሳለሁ። ቋንቋቸውን አላውቅም፤ እሳቸውም የኔን አያውቁም። ራሴን ደረታቸው ላይ አድርገው አንድ ነገር ይደጋግሙ ነበር።

ፒክአፑ አሰብ ሲመልሰኝ ፀሐይዋ ዘንበል ብላለች። ወደ ቤቴ አልሄድኩም። በቀጥታ ወደ ሐጂ ኑሩ ሱቅ ሄድኩ። ንዴት ነው የወሰደኝ። ደብቀውኛል፤ የሞተን ሰው በየቀኑ በረንዳዬ ላይ ሲያስነሱልኝ ከርመዋል። ዛሬ እነግራቸዋለሁ አልኩ፤ በሕይወታቸው ሰምተው የማያውቁትን ስድብ እሰድባቸዋለሁ አልኩ። ሱቁ ሰው የለበትም። ወደ ኋላ አለፍኩና የቪዲዮ ቤቱን መጋረጃ ገለጥኩ።

ሁሉም እዚያ ነበሩ። አግዳሚዎቹ ወደ ግድግዳ ተገፍተው መሬቱ ላይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ቴሌቪዥኑ በሐጂ ጋቢ ተሸፍኗል። ጌታሁን ጥግ ላይ ተቀምጦ በሁለት እጁ ፊቱን ይዞ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። ሐጂ መቁጠሪያቸውን ይዘው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የወደብ ሠራተኞቹ፣ የጨው ማምረቻው ሰዎች፣ «ቲቸር ምን አለ?» የሚሉኝ ሁሉ መሬት ላይ ናቸው። ለቅሶ ላይ ናቸው። በየቀኑ ከበረንዳዬ ተነስተው ወደዚያ እየሄዱ ለባሌ ለቅሶ ተቀምጠው ከርመዋል። ያልተጠራሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሲያዩኝ ሁሉም ብድግ አሉ። አንዱ ጋቢውን ከቴሌቪዥኑ ላይ ሊያነሳ ሞከረ፤ ምን ሊያደርግ እንደፈለገ ራሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ያዘጋጀሁት ስድብ የት እንደገባ አላውቅም። «ተቀመጡ» አልኳቸው። «መስፍን ሞቷል። ያሲን አየው። እኔ ነኝ የማረዳችሁ።»

ሐጂ ወደኔ መጡና እግሬ ሥር ሊወድቁ ሲሉ ያዝኳቸው። «ልጄ፣ ወንድምሽ ከናዝሬት እስኪደርስ ነው» አሉ። «ልከንበታል። ዘመድ የሌላትን ሴት በሰው አገር ብቻዋን እንዴት እናርዳት? ማን ይይዛታል አልን።»

«አንተስ?» አልኩት ጌታሁንን። «አንተስ ስለዚያ ፊልም ለምን ነገርከኝ?»

ቀና አለ። ፊቱ አብጧል። «በየቀኑ እነግራታለሁ ብዬ ነው የምመጣው» አለ። «ሻዩን ይዘሽ ዓይን ዓይኔን ታይኛለሽ። ከሰመጠበት የወጣ ሰው ሌላ አላውቅም ቲቸር። የማውቀው እሱን ብቻ ነው።»

ልቆጣው ፈለግኩ፤ አልቻልኩም። ምንጣፉ ላይ፣ ከመካከላቸው ቁጭ አልኩ። ያን ጊዜ ነው ያለቀስኩት። እነሱም የተደበቀ ለቅሷቸውን ለቀቁት። የሰፈሩ ሴቶች ጩኸቱን ሰምተው ነጠላቸውን ዘቅዝቀው እየሮጡ መጡ። ለካ ሁሉም የሚጠብቁት ይህን ነበር።

የመስፍን አስከሬን አልተገኘም። አሰብ ውስጥ ከዚያ በኋላ ብዙም አልቆየሁም፤ ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጦርነቱ መጣና የቀረው ሰው ሁሉ በየአቅጣጫው ተበተነ። ያሲንንና ሐጂን ዳግም አላየኋቸውም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ጊዜ ያሽራል ትሉኝ ይሆናል። አልሻረልኝም፤ የሆነውን እንደሆነ ልንገራችሁ ብዬ ነው። ስልክ ሲጮህ እፈራለሁ። ሰው «ደኅና ነው፣ አታስቢ» ሲለኝ ምን ደበቀኝ እላለሁ። ተስፋ የሚባለውን ነገር እጠላዋለሁ፤ ቀድሞ ገብቶ ቤቴ ውስጥ ሸሚዝ ሲያስተኩሰኝ ከርሟልና። ከራሔይታ ስመለስ አንድ ነገር ወስኜ ነበር፤ ከእንግዲህ የማውቀውን ነገር ከሚመለከተው ሰው አንድ ሰዓት እንኳ አልደብቅም አልኩ። እውነትን እንደ ያሲን ቁጭ ብሎ መናገር ነው፤ ሌላው ሁሉ ጭካኔ ነው አልኩ። ይህ ውሳኔ ነው ከዚያ ሁሉ መከራ የተረፈኝ ሀብት መስሎኝ የነበረው።

ይህንኑ ይዤ ኮምቦልቻ ሄድኩ። የመስፍን እናት እትዬ ወርቄ ባሏ የሞተባት፣ ከሱ ሌላ ልጅ የሌላት ሴት ነበረች። ዘመዶቹ ቀድመው ሰምተዋል፤ አውቶቡስ ተራ ጠበቁኝ። «ዛሬ እደሪ፣ ነገ ሲነጋ ሽማግሌዎች ይዘን ሄደን እናረዳታለን» አሉኝ። ከናዝሬት ደርሶ አብሮኝ የመጣው ወንድሜም እንደዚያው አለ። እምቢ አልኩ። እኔ ላይ የሆነው በሷ ላይ አይሆንም አልኩ። ጥዬአቸው ብቻዬን ሄድኩ።

በር ላይ አገኘችኝ። ደጇን ጠርጋ ውሃ እየረጨች ነበር። ስታየኝ ፊቷ በራ። ከኋላዬ መንገዱን አየች፤ ልጇ ሻንጣ እያወረደ መስሏታል። «የት ቀረ ያ ቀልደኛ?» አለች።

ያየሁትን አየሁ፣ የሰማሁትን ሰማሁ አልኩ። ቆሜ ነገርኳት፤ ሳልጨምር፣ ሳልቀንስ።

አልጮኸችም። የውሃውን ጣሳ መሬት ላይ አስቀመጠች። ቀስ ብላ ደፉ ላይ ተቀመጠች። ቀና ብላ አየችኝ።

«ልጄ» አለችኝ፣ «እስከ ነገ እንኳ ልጅ ቢኖረኝ ምን ነበረበት?»